ዚፕ ነኝ ብሎ የተነሳው ሜሞሪ ካርድ፦ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የጉዳይ ጥናት

ኮምፒውተሩ ፔንቲየም 4 ነው። ራሙ 512 ሜጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 40 ጊጋባይት፣ የተጫነበት ዊንዶውስ ኤክስፒ። የሚሠራው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ውስጥ ነው። ኢንተርኔት አይቶ አያውቅም። ሥራው የተማሪዎችን ሮስተር መያዝ ብቻ ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ገብቶ አልቆ ካርድ ሊታደል ሲል፣ አንድ ጠዋት ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ። «ኤንቲኤልዲአር የለም፤ እንደገና ለማስነሳት ኮንትሮል፣ አልት እና ዲሊት ተጫን» ይላል። ሲጫኑት ያው መስመር ይመለሳል።

ባክአፕ ነበረ ወይ? ነበረ። ያምናው።

እኔ ስጠራ ጉዳዩ ወደ ፎርማት እያመራ ነበር። በእኛ አገር ኮምፒውተር ሲታመም የመጀመሪያው ማዘዣ ፎርማት ነው። ጥሩነቱ የሪከርድ ክፍሉን የያዙት ሴትዮ አልበገርም ብለዋል። «ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ቢቀር ይቅር። ሮስተሩን ብቻ አውጣልኝ፤ አደራ!» አሉኝ። «እሺ እትዬ፣ ሮስተሩ ሳይወጣ ማንም አይነካውም» አልኳቸው።

እሳቸው ልክ ነበሩ። ኤንቲኤልዲአር ኤክስፒን የሚያስነሳ ትንሽ ፋይል ነው። እሱ ጠፋ ማለት የተቀረው ጠፋ ማለት አይደለም። ሌላ ሲስተም ከውጭ አስነስቶ ዲስኩን ገልጦ ማየት ነው የሚያዋጣው። ለዚህ ደግሞ ከሊኑክስ የተሻለ የለም። ጥያቄው ከምን ላይ ይነሳ የሚለው ነበር።

ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ላፕቶፕ ላይ መሰካት ከሁሉም ይቀል ነበር። ግን ዲስኩ አይዲኢ ነው፤ ያ ሰፊ ጥብጣብ የመሰለ ኬብል ያለው። በአካባቢው የተገኘው አዳፕተር ከዚያ በኋላ የመጣው የሳታ ዲስክ ብቻ ነው። ሲዲ ማጫወቻው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አያነብም። ፍሎፒው በቦታው አለ፤ ደህና ዲስኬት ግን ከየት ይመጣል? የኔትወርክ ገመድ መሰኪያው ተሰብሯል። የቀረው ዩኤስቢ ብቻ ነው።

አንድ ፍላሽ በእጃችን ነበር። እሱ ግን ለሮስተሩ ማውጫ ይፈለጋል። ሱቅ ደግሞ ተዘግቷል። ስለዚህ ከአሮጌ ስልክ የወጣ 2 ጊጋባይት ማይክሮ ኤስዲ ሜሞሪ ወደ ሥራ ገባ፤ ትልቁን ኤስዲ ካርድ የሚያስመስለው አዳፕተርና ካርድ ሪደርም ነበሩ። ሳይታሰብ የመጣ ምርጫ ቢሆንም አንድ ጥቅም አለው። አዳፕተሩ ጎን ላይ የምትንሸራተት ትንሽ መቆለፊያ አለች። ወደታች ስትወርድ ሪደሩ በካርዱ ላይ መጻፍ ይከለክላል። እርግጥ መቆለፊያዋ ራሷ ምንም አትዘጋም፤ ሪደሩ አይቶ እንዲያከብራት ምልክት ትሰጣለች እንጂ። ችላ የሚሏት ሪደሮችም አሉ። መጨረሻ ላይ የሠራንበት ያከብራል። በፍላሽ ቫይረስ በታመሰ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው እክል ግን ከሪደሩ መጣ። በመጀመሪያ የተገኘው ባለብዙ ቀዳዳ ሪደር ነበር። ኮምፓክት ፍላሽ፣ ሜሞሪ ስቲክ፣ ኤስዲ፣ ሁሉንም ይቀበላል። ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ሊኑክስ አራት ድራይቭ አድርጎ ያሳየዋል፤ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ፣ ኤስዲዲ፣ ኤስዲኢ። ካርዱ ያለው በአንዱ ላይ ነው። የተቀሩት ባዶ ናቸው። ሊኑክስ ይህን ያለችግር ይለያል። የድሮ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው፣ እናት ቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም) ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ብቻ ነው የሚጠይቀው። መጀመሪያው ቀዳዳ የኮምፓክት ፍላሽ ነው፤ ባዶ ነው፤ ባዮሱም «እዚህ ምንም የለም» ብሎ ያልፋል። ካርዱ ላይ ምንም ያህል ቢደከም ዋጋ የለውም። መፍትሔው ባለአንድ ቀዳዳ ሪደር ነው። የተገኘው ደግሞ እጅግ አሮጌ ሆኖ ኤስዲኤችሲ የሚባለውን፣ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነውን የካርድ ዓይነት፣ አያነብም። የሚናቀው 2 ጊጋባይት ካርድ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። 8 ጊጋ ቢሆን ኖሮ ሪደሩ አያየውም ነበር።

አሁን ወደ ባዮሱ። አዋርድ ነው፤ ሰማያዊ ሜዳ ላይ ቢጫ ጽሑፍ። ማሽኑ ሲበራ ዲሊት ተጭኖ ይገባል። «ፈርስት ቡት ዲቫይስ» (መጀመሪያ ከምን ይነሳ) የሚለው ላይ ኢንተር ሲባል ዝርዝሩ ይወርዳል። ፍሎፒ፣ ኤልኤስ120፣ ኤችዲዲ-0፣ ስካዚ፣ ሲዲሮም፣ ዚፕ100፣ ዩኤስቢ-ኤፍዲዲ፣ ዩኤስቢ-ዚፕ፣ ዩኤስቢ-ሲዲሮም፣ ዩኤስቢ-ኤችዲዲ፣ ላን። ይህን ዝርዝር ያየ ሰው ሁሉ እጁ የሚሄደው ዩኤስቢ-ኤችዲዲ ላይ ነው፤ የተሰካውን እንደ ሃርድ ዲስክ የሚቆጥረው። ትክክልም ነው። ካርዱ በተለመደው መንገድ ተዘጋጅቶ፣ በዚያ ምርጫ ማሽኑ ሲነሳ፣ ግራ ጥግ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሌላ ምንም የለም። ስህተት እንኳ አይጽፍም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ካርዱ ተበላሽቷል» ብሎ ይተወዋል። ያው ካርድ ግን ላፕቶፑ ላይ ያለ አንዳች ችግር ይነሳል። ችግሩ ባዮሱ ነው። ሲስሊኑክስ የሚባለው የቡት ጫኝ (ሊኑክስን ከካርዱ ላይ የሚያስነሳ) ፕሮግራም ሰነድ ይህንን በግልጽ ያስቀምጠዋል። አንዳንድ የአዋርድ ባዮስ ዓይነቶች በዩኤስቢ-ኤችዲዲ ማስነሳት አይችሉም፤ የሚቀረው ዩኤስቢ-ዚፕ ነው። ዚፕ ማለት ግን ፋይል መጭመቂያው ዚፕ አይደለም። አዮሜጋ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ያወጣው ባለ100 ሜጋባይት ተነቃይ ዲስክ ነው። ከፍሎፒ ወፈር ይላል፤ በጊዜው ብርቅ ነበር። ስላክዌር የተባለው ሊኑክስ እንኳ ዚፕስላክ የሚባል፣ በአንድ ዚፕ ዲስክ ላይ የሚያልቅ እትም ነበረው። ሲዲ መጻፊያና ፍላሽ ሲረክሱ ዚፕ ከገበያ ወጣ። ስሙ ግን ባዮስ ውስጥ ተረስቶ ቀረ። እኛ አካባቢ ዚፕ ዲስክ በዓይኑ ያየ ሰው ስንት ይሆን?

ታዲያ ካርዱን እንደነበረ ትቶ ባዮሱን ዩኤስቢ-ዚፕ ላይ ማድረግ አይበቃም? አይበቃም። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

የድሮ ባዮስ ዲስክ ላይ ያለን ቦታ የሚጠራው በሦስት ቁጥር ነው። ስንተኛ ሲሊንደር (ክብ መስመር)፣ ስንተኛ ሄድ (አንባቢ ጭንቅላት)፣ ስንተኛ ሴክተር (የመስመሩ ቁራጭ)። ሜሞሪ ካርድ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። ቁጥሮቹ ስምምነት ብቻ ናቸው። ችግሩ ስምምነቱ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። ለትልልቅ ሃርድ ዲስኮች የተለመደው 255 ሄድ እና 63 ሴክተር ነው። ዚፕ 100 እና ዚፕ 250 ግን 64 ሄድ እና 32 ሴክተር ናቸው። ባዮሱ ዩኤስቢ-ዚፕ ሲባል ሁለተኛውን ይይዛል። የተሰካው ካርድ በየትኛው እንደተሰናዳ አይጠይቅም።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ነው። የዛሬ ፕሮግራሞች ፍላሽ ሲያዘጋጁ የመጀመሪያውን ክፋይ (ፓርቲሽን) የሚያስጀምሩት ከሴክተር 2048 ነው። በ255 እና 63 ሒሳብ ይህ ቦታ ሲሊንደር 0፣ ሄድ 32፣ ሴክተር 33 ይባላል። 32 ጊዜ 63፣ 2016 ነው፤ 32 ይቀራል፤ የሴክተር ቆጠራ ከ1 ስለሚጀምር 33 ይሆናል። አሁን ባዮሱ ራሱን ዚፕ ላይ አድርጎ «ሄድ 32፣ ሴክተር 33 አምጣ» ሲባል ምን ያደርጋል? በእሱ ዓለም ሴክተር የሚያልቀው 32 ላይ ነው። 33 የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ዝም ይላል። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ማለቷን ትቀጥላለች።

ሌላው ልዩነት የክፋዩ ቁጥር ነው። ፍላሽ ላይ አንድ ክፋይ ካለ ብዙውን ጊዜ ቁጥር 1 ነው። ከፋብሪካ የወጣ ዚፕ ዲስክ ግን ያለው ክፋይ ቁጥር 4 ብቻ ነው። ከ1 እስከ 3 ያሉት ባዶ ናቸው። ባዮሱ ዚፕ እንዲመስለው የምንፈልግ ከሆነ ካርዱ ይህንንም ማስመሰል አለበት።

ካርዱን የማዘጋጀቱ ሥራ ከማብራሪያው ያጠረ ነው። ከሲስሊኑክስ ጋር ኤምኬ-ዲስክ-ኢሜጅ የሚባል ትእዛዝ ይመጣል። የሚነገሩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ክፋዩ 4ኛው ይሁን፣ ድራይቩ ይህ ነው፣ ይህን ያህል ሲሊንደር፣ 64 ሄድ፣ 32 ሴክተር። ድራይቩን ስትጽፉ ግን ዓይናችሁን ከፈት አድርጉ። ትእዛዙ የተነገረውን ድራይቭ ሳይጠይቅ ያጠፋል። የላፕቶፓችሁን ዲስክ ስም ከሰጣችሁት ያለምንም ምሕረት ይሠራዋል። መጠኑን አይቶ ማረጋገጥ ይሻላል፤ 2 ጊጋ የተባለ ካርድ ሊኑክስ ላይ 1.8 ወይም 1.9 ሆኖ ይታያል።

በሲሊንደር ቦታ ላይ 0 ከተጻፈ ትእዛዙ ካርዱን በሙሉ ይይዛል። ይህን አልመርጥም። ምክንያቱም 64 ሄድ ጊዜ 32 ሴክተር ጊዜ 512 ባይት 1,048,576 ባይት ነው፤ አንድ ሲሊንደር ልክ አንድ ሜጋባይት ይሆናል። ሒሳቡ እንዲህ ማማሩ ደስ ይላል። (ዚፕ 100 ራሱ 96 ሲሊንደር ነበረው። 96 ጊዜ 1,048,576 ሲባል 100 ሚሊዮን ባይት ከትንሽ ይመጣል፤ 100 የሚለው ስም ከዚያ ነው።) የድሮው አቆጣጠር ደግሞ ከ1024 ሲሊንደር በላይ መቁጠር አይችልም። ስለዚህ ባዮሱ በዚህ ሁኔታ የሚደርሰው እስከ 1 ጊጋባይት ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ የተቀመጠ የቡት ፋይል አያገኘውም። 1000 ሲሊንደር ተጻፈ። የካርዱ ግማሽ ገደማ ባዶ ቀረ፤ ይቅር።

ከዚያ ሲስሊኑክስ ራሱ በ4ኛው ክፋይ ላይ ተጫነ። ለእንዲህ ዓይነት ግራ የገባው ባዮስ የተዘጋጀ አንድ ምርጫ አለው። ሠሪዎቹ ራሳቸው አስተማማኝ፣ አዝጋሚና ደደብ ይሉታል። ብልጠት ትቶ ጥቂት በጥቂት ያነባል። ለዚህ ማሽን የሚመች እሱ ነው።

ሊኑክሱስ የትኛው ይሁን? ታይኒ ኮር። ሁለት ፋይል ነው፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) እና ኮር የተባለው የተጨመቀ ሲስተም። በሞባይል ዳታ ለማውረድ አያስጨንቅም። ትንሽነቱ የተፈለገው ግን ለዳታ ብቻ አይደለም። ከርነሉ እስኪነሳ ድረስ ካርዱን የሚያነበው ባዮሱ ነው። የድሮ ባዮስ ዩኤስቢ ሲያነብ ደግሞ እጅግ ቀርፋፋ ነው። ብዙ መቶ ሜጋባይት የሚጭን ሲስተም ቢሰጠው ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ይደርሳል። ከታይኒ ኮር ጋር የኤንቲኤፍኤስ (የኤክስፒ የፋይል አቀማመጥ) ዲስክ የሚያነብና የሚጽፍ ተጨማሪ ጥቅል ካርዱ ላይ ተቀመጠ። በማዋቀሪያው ፋይል ላይ ደግሞ «ዌይት ዩኤስቢ» የሚል ቃል ከጥቂት ሰከንድ ጋር ተጨመረ። ከርነሉ ከተነሳ በኋላ ባዮሱ ሥራው ያበቃል፤ ከርነሉ ካርዱን እንደገና በራሱ ድራይቨር መፈለግ አለበት። ዩኤስቢ ላይ ያለ ነገር ደግሞ እስኪነቃ ጊዜ ይወስዳል። ይህ ቃል ከሌለ ሲስተሙ ይነሳና ተጨማሪ ጥቅሉን ያጣዋል።

መቆለፊያዋ ወረደች። ሪደሩ ማሽኑ ጀርባ ላይ በቀጥታ ተሰካ። ባዮሱ ዩኤስቢ-ዚፕ ላይ ተደረገ። ኤፍ10፣ ከዚያ ኢንተር። ጠቋሚዋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ «ሲስሊኑክስ» የሚል መስመር ወጣ። ከርነሉን እየጫነ ነጥብ በነጥብ ሲደረድር እትዬ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ምን እያደረገ ነው?» አሉ። «እያነበበ ነው።» «ይኼ ሁሉ ነጥብ ምንድን ነው?» «እያንዳንዷ ነጥብ የተነበበ ቁራጭ ናት።» መቁጠር ጀመሩ።

መሐል ላይ መብራት ጠፋ።

ሲመለስ ባዮሱ ሁሉንም ረስቷል። ቀኑ ወደ ጥንት ሄዷል፤ የቡት ቅደም ተከተሉም ወደ ፍሎፒ ተመልሷል። የእናት ቦርዱ ባትሪ፣ ያቺ ሳንቲም የምታክል 2032 የምትባለው፣ አልቃለች። በየመብራት መቆራረጡ ዩኤስቢ-ዚፕን እንደገና መምረጥ ግድ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» ብሎ ካርዱን እንደገና ሊሠራ ይችላል። ካርዱ ላይ ግን ምንም አልሆነም፤ ተቆልፏል።

ሊኑክስ ሲነሳ መጀመሪያ የታየው የከርነሉ መዝገብ ነው። ሃርድ ዲስኩ ላይ የማንበብ ስህተት ካለ እዚያ ይጻፋል። ስህተት ቢኖር ኖሮ ፋይል መቅዳት አይጀመርም፤ ዲስኩ በሙሉ በመጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጥ ነበር። መዝገቡ ንጹህ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ለማንበብ ብቻ ተከፈተ፤ ምንም እንዳይጻፍበት። እንደ አብዛኛው ቢሮ ሁሉም ነገር ዴስክቶፕ ላይ ነው። «ሮስተር»፣ «ሮስተር አዲስ»፣ «ሮስተር የመጨረሻ»፣ «ሮስተር የመጨረሻ 2»።

ቢያንስ እኔ እንደገመትኩት ስማቸው ይህ ነው። የታይኒ ኮር ጥቁር ስክሪን የግዕዝ ፊደል ስለሌለው በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነው የሚታየው። ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ስሙ ዲስኩ ላይ ደህና ነው፤ ስክሪኑ ብቻ ነው የማይችለው። ወደ ፍላሽ ሲቀዳ ግን ስሞቹ እንዳይበላሹ ማኅደሩ በሙሉ አንድ ላይ ታስሮ አንድ ፋይል ሆኖ ወጣ።

ሌላ አንድ ነገርም ተቀዳ፤ የዊንዶውስ ፎንት ማኅደር። ብዙዎች ይህን ይረሱታል። ብዙ የድሮ የትምህርት ቤት ሰነዶች ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ከሚጋራው የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የተማሪው ስም የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። ፋይሉ ተርፎ ፎንቱ ከቀረ፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ የማን ውጤት እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ፍላሹ ላፕቶፑ ላይ ተከፍቶ፣ ፎንቶቹ ተጭነው፣ እትዬ ራሳቸው የጥቂት ተማሪዎችን ውጤት በእጅ ከተጻፈው የመምህራን ማርክ ሊስት ጋር አመሳከሩ። ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተሩን ስለማዳን የታሰበው።

የኤክስፒው ዋና ማኅደር ሲታይ ኤንቲኤልዲአር እውነትም የለም። አጠገቡ የሚቀመጠው ኤንቲዲቴክትም የለም። ቡት-ኢኒ የሚባለው ግን አለ። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይቶ «የማያስፈልጉትን» ያጸዳ ሰው ሳይኖር አይቀርም፤ ማን እንደሆነ አልተጠየቀም። ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ተመሳሳይ ኤክስፒ ያለበት ማሽን አለ። ሁለቱ ፋይሎች ከዚያ ተወስደው፣ ዲስኩ አሁን ለመጻፍም ተከፍቶ፣ በቦታቸው ተቀመጡ። ካርዱ ተነቀለ። ማሽኑ ሲበራ የኤክስፒ አርማ መጣ። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ድጋፍ ያቆመው በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህን ማሽን ከኢንተርኔት ጋር እንዳያገናኙት ነግሬአለሁ። የባትሪዋም ነገር እንዲሁ፤ አዲስ ተገዝታ ገብታለች።

ካርዱ በዚያ ማሽን ብቻ አልቀረም። ላቡ ውስጥ ባሉት ትንሽ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ዩኤስቢ-ኤችዲዲ ተብሎም ይነሳል። የዚፕ አቀማመጡ አይከለክለውም፤ ባዮሳቸው ክፋዩ 1 ይሁን 4 ደንታ የለውም፣ የካርዱ መነሻ ኮድ ንቁ ተብሎ ምልክት የተደረገበትን ክፋይ ፈልጎ ይሄዳል። የርዕሰ መምህሩ አዲሱ ላፕቶፕ ግን ዞር ብሎም አላየው። ዩኢኤፍአይ የሚባለውን፣ ባዮስን የተካውን አዲስ አሠራር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የሚፈልገው የራሱ ማኅደርና የራሱ ዓይነት የቡት ፋይል ነው። ለእሱ ሌላ ካርድ ይሠራለታል፤ እሱ ደግሞ 8 ጊጋ ካርድም ያለችግር ያነባል።